ተክለ ሃይማኖት ያለው የሞተር ዘይት ቤት፣ እና አሰብ ያልሠራችው ዘይት

ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ፣ የመለዋወጫ ሱቆቹ ግር ብለው ከመጀመራቸው በፊት አንድ ጠባብ የብረት በር አለ። ከበሩ በላይ የዘይት ጣሳ ተስሏል። ቀለሙ ስለለቀቀ ጣሳ ይሁን ጀበና መለየት ያስቸግራል። ውስጥ የሞተር ዘይት ይሸጣል፣ ዘይት ይቀየራል፣ በቃ። ጎማ አይነፉም፣ መኪና አያጥቡም፣ ካንዴላውንም ልየው አይሉም። የቤቱን ስም አልጽፍም፤ ባለቤቱ ለምኖኛል። «እትዬ፣ ሰው ከበዛብኝ የት አቆመዋለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግቢው ሦስት መኪና ከያዘ ሞላ። አራተኛው ኋላውን አስፋልት ላይ አውጥቶ ከትራፊክ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው የሚቆየው።

እኔ ስለ ዘይት አፌን ሞልቼ የምናገረው እንዲሁ አይደለም። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ተማርኩ። ከዚያ አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ፣ ላቦራቶሪ ገባሁ። በ83 ከብዙው ሰው ጋር ሻንጣዬን ይዤ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ናሙና መቀበል ነበር። ከመርከብ ይመጣል፣ ከማጠራቀሚያው ይመጣል፣ ሊወጣ ከተዘጋጀ ቦቴ ይመጣል። ነጭ ጋዙ በስንት ዲግሪ እሳት ይይዛል? ቤንዚኑ በስንት ዲግሪ ተንኖ ያልቃል? የተወለወለ የመዳብ ቁራጭ በ50 ዲግሪ ናፍጣ ውስጥ 3 ሰዓት ስናቆየው ይጠቁራል ወይስ አይጠቁርም? ከጠቆረ ብረት የሚበላ ድኝ አለበት ማለት ነው፤ አይወጣም። ያ ልማድ አልለቀቀኝም። ዛሬም ዘይት ቤት ስገባ ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ ነው የሚሠራው።

መኪናዬ ቮልስ ናት። ለማያውቅ ልንገር፤ የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ራዲያተር የለውም። ስለዚህ ዘይቱ ከማለስለሱ ሌላ የማቀዝቀዝ ሥራም አለበት። የምትይዘው ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ፊልትሮ የላትም። ከሥር አንዲት ክብ ወንፊት አለች፣ በ6 ትንንሽ ዳዶ የታሰረች። ዘይቱ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ፣ ማጣሪያው አንድ ወንፊት። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ መጥፎ ዘይት ቢጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ድሮ የምሄድበት ሌላ ቦታ ነበር፤ የት እንደሆነ ይቅር። ክዳኑ የታሸገ ጣሳ አምጥተው ፊቴ ከፈቱ። ቀለሙ ያምራል። የተረፈውን ቤት ወስጄ፣ ከቀድሞው ዘይቴ ጋር በሁለት አንድ ዓይነት ጠርሙስ አድርጌ ገለበጥኳቸው። በአንደኛው ውስጥ የአየር አረፋው ቀስ ብሎ ወጣ። በሌላው ሽው አለ። ጣሳው ላይ 50 የሚል ወፍራም ዘይት እንዲህ አይሮጥም። ጣሳው እውነተኛ ነው፣ ውስጡ ሌላ ነው። ባዶ ጣሳ እየለቀመ የራሱን የሚሞላ ነጋዴ መኖሩን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ጣሳዬን ሳልበሳ አልጥልም። እናንተም ብሱት።

ይህኛው ቤት ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የወደድኩላቸው ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ዘይት አለመልቀቃቸውን ነው። ቀያሪው ገና ጎረምሳ ነው። ኮፋኖውን በእጁ ነካ አድርጎ «ማዘር፣ አንዴ በጥቁር አንበሳ ዞረው ይምጡ» ይለኛል። ሞቆ የወጣ ዘይት ቆሻሻውን አንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ቀዝቅዞ የወጣ ግን ግማሹን እዚያው ትቶት ይመጣል። ከዚያ ይጠብቃል። መንጠባጠቡ እስኪያቆም ድረስ ክዳኑን አይመልስም። ሌላ ቦታ ገና እየወረደ ሳለ አዲሱን ከላይ ያፈሱበታል፤ ሰው ቸኩሏል፣ እነሱም ቸኩለዋል። እዚህ ሻይ ይመጣላችኋል። ሻዩ ስኳር ይበዛዋል።

ወንፊቷን አውጥቶ በነጭ ጋዝ ያጥባታል። ጓርኒሲዮኗን (ዘይት እንዳያፈስ የምታሽገዋን) በአዲስ ይቀይራል፣ አሮጌዋን ገልብጦ አይመልስም። የቮልስ ጓርኒሲዮን በመሳቢያ አስቀምጦ የሚጠብቅ ቤት ዛሬ የት ይገኛል? ዳዶዎቹን የሚያጠብቀው በትንሽ ቁልፍ ነው፣ ያውም በሁለት ጣት። ጉልበተኛ መካኒክ የስንቷን ቮልስ የብሎን ጥርስ በልቷል! በመጨረሻ የወጣውን ዘይት አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ ያሳየኛል። ይህን እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ አሁን ለሁሉም ደንበኛ ያደርገዋል። ጠብታው እየሰፋ ሲሄድ መሀሉ ድርቅ ያለ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ዘይቱ ጥላሸቱን መሸከም አቅቶታል። ጥቁረቱ እኩል ተበትኖ ከሰፋ ገና አቅም አለው።

ወረፋ ስትጠብቁ ወሬ አይጠፋም። አንድ ቀን ሽበታም የላዳ ባለቤት አጠገቤ ተቀምጠው ዋጋውን ሲሰሙ «ኧረ አሰብ እያለች! ቤንዚኑም ዘይቱም የራሳችን ነበር» አሉ። የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ቤንዚኑስ እሺ። የሞተር ዘይት ግን አሰብ አንድ ጠብታ አልሠራችም» አልኳቸው። ተቆጡ። ባለቤቱ ሳቀና ወንበሩን ሳብ አድርጎ መጣ። እዚያ ያወራሁትን እዚህም ልድገመው፤ የዚህን ቤት መደርደሪያ ለማንበብ ይጠቅማል።

ማጣሪያው የጃንሆይ ዘመን ሥራ ነው። በ1951 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1959) ክረምት ሞስኮ ሄደው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ተፈቀደላቸው፤ በጊዜው ምንዛሪ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል። አሰብ ላይ ማጣሪያ የተተከለው በሶቪየቶች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ። የተማርኩበት ፖሊ ቴክኒክም እ.ኤ.አ. በ1963 በእነሱው እርዳታ የተከፈተ ነው። ትምህርቴም ደሞዜም ከሞስኮ የመጣ ነው እያልኩ እቀልዳለሁ። አገራችን ድፍድፍ አታወጣም ነበር፤ ስለዚህ ማጣሪያው የሚተከለው መርከብ የሚደርስበት ቦታ ነው። ድፍድፉ በባሕር ይመጣል፣ የተጣራው በቦቴ ተጭኖ በረሃውን አቋርጦ ወደ መሀል አገር ይወጣል።

ትልቅ አልነበረም። እኔ በነበርኩበት ዘመን አቅሙ በዓመት 800,000 ቶን ገደማ ነበር። በቀን ሲመነዘር 16,000 በርሜል አካባቢ ነው። ዛሬ ሌጎስ አጠገብ ያለው የዳንጎቴ ማጣሪያ በቀን 650,000 በርሜል እንዲያጣራ የተሠራ ነው። አርባ አሰብ በሉት።

ሥራው እንዲህ ነው። ድፍድፉ መጀመሪያ በውሃና በኤሌክትሪክ ጨዉ ይወጣለታል፤ ጨው ያለበት ድፍድፍ ቧንቧ ይበላል። ከዚያ ምድጃ ውስጥ 350 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ይሞቃል። ከፊሉ እንፋሎት፣ ከፊሉ ፈሳሽ ሆኖ ረጅም ማማ ውስጥ ይገባል። ማማው ከታች የጋለ ነው፣ ወደ ላይ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። እንፋሎቱ ሲወጣ እያንዳንዱ በየራሱ ከፍታ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ከጫፍ ቡታጋዝና ጥሬ ቤንዚን ይወጣል። ዝቅ ሲል ነጭ ጋዝና የአውሮፕላን ነዳጅ። ከዚያ ነጭ ናፍጣ። ወለሉ ላይ የማይተነው ጥቁር ዝቃጭ ይቀራል። ጥሬው ቤንዚን እንዳለ መኪና ውስጥ ቢገባ ሞተር ያንኳኳል፤ ኦክቴኑ፣ ማለትም ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ፣ ዝቅተኛ ነው። ሪፎርመር በሚባል ክፍል ፕላቲኒየም ባለበት ማነቃቂያ (ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ሲያልፍ ነው የሚነዳ ቤንዚን የሚሆነው።

ይህን ሁሉ የሚሠራ፣ ግን ዝቃጩን መልሶ የማይሰብር፣ ማለትም ከባዱን ወደ ቀላል ነዳጅ የማይለውጥ ማጣሪያ በሙያው ቀላል ማጣሪያ ይባላል። አሰብ ቀላል ማጣሪያ ነበረች። ጣጣዋም እዚህ ላይ ነው። ቀላል ማጣሪያ ውስጥ ከገባው ድፍድፍ ሲሶው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጥቁር ናፍጣ ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ናፍጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከድፍድፉ ከራሱ ይረክሳል። በዶላር ገዝተህ፣ ነዳጅ አቃጥለህ አሙቀህ፣ ሲሶውን ከገዛህበት በታች ትሸጣለህ። አገሩ የሚጠይቀው ለመኪናው ነጭ ናፍጣ ነው። ጥቁሩን የፋብሪካ ቦይለሮች ተጠቅመውበት ይተርፍና ወደ ውጭ ይላካል።

ትልልቆቹ ማጣሪያዎች ዝቃጩን ሰብረው ቤንዚንና ናፍጣ ያደርጉታል። መላው አዲስ አይደለም። ሩሲያዊው ሹኮቭ በሙቀትና በግፊት የመስበር ዘዴውን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ የሩሲያ መምህሮቻችን ይህን ሳያነሱ ትምህርት አይጀምሩም ነበር። አሜሪካ ላይ ደግሞ ሁድሪ የሚባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማነቃቂያ ጨምሮበት ወደ ፋብሪካ አገባው። አሰብ ስትከፈት ይህ ሁሉ የታወቀ ነገር ነበር። ግን መስበሪያ ክፍል ውድ ነው፣ ለትንሽ ማጣሪያ ወጪውን አይመልስም።

ላዳው ሽማግሌ «ታዲያ ጦርነቱ ባይዘጋት…» ሲሉ እንደገና ተጋጨን። ጦርነቱ አይደለም የዘጋት። ከ83 በኋላም ለሁለቱም አገር ስታጣራ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1997 ቆመች። ጦርነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1990 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1998) ግንቦት ነው። የዘጋት ሂሳብ ነው። አርጅታለች፣ ማደሻዋ ብዙ ነው፣ የተጣራውን ገዝቶ ማስገባት ረከሰ። ጦርነቱ የዘጋው ወደቡን ነው። ከዚያ ወዲህ ቦቴው በጅቡቲ ነው የሚመላለሰው፤ በጋላፊ ገብቶ፣ ሰመራን፣ ሚሌን አልፎ። አሁን ደግሞ ጎዴ ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን ያጣራል የተባለ ማጣሪያ መሠረቱ ተጥሏል። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ዝቃጩን ይሰብራል ወይ?

ወደ ዘይቱ እንምጣ። የሞተር ዘይት የሚገኘው ከዚያው ከወለሉ ዝቃጭ ነው። ችግሩ በተራው ማማ አይተንም። ከ370 ዲግሪ በላይ ካሞቃችሁት ይሰበራል፣ ይከስላል። ታዲያ እንዴት ይተናል? መልሱ ከአሰብ አዲስ አበባ ስመጣ ኩሽናዬ ውስጥ ነበር። አሰብ ባሕሩ ዳር ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ባቄላው ግን አልበስል ብሎ ያስለቅሳል። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ ቶሎ ይፈላል። ቫኪዩም ማማም እንዲሁ ነው። አየሩ ይመጠጣል፣ ዝቃጩ ሳይሰበር ይተናል። ከእሱ የሚወጣው ወፍራም ክፍል ሰሙ ይወጣለታል፣ የማይፈለገው በማሟሚያ ወይም በሃይድሮጅን ይጸዳል። ይህ ቤዝ ኦይል ነው። ማጽጃው፣ ዚንኩ፣ አረፋ መከላከያው ተጨምሮበት ነው ጣሳ ውስጥ የሚገባው። አሰብ ይህ ክፍል አልነበራትም። የአሰብ መንገድ ያለቀበት ቦታ ነው የሞተር ዘይት መንገድ የሚጀምረው። መደርደሪያው ላይ ያያችሁት ጣሳ በጃንሆይም ጊዜ፣ በደርግም ጊዜ ከውጭ የመጣ ነው።

ይህን ቤት ከሌሎቹ የምለይበትም በዚህ ነው። ቤዝ ኦይል በደረጃ ይከፈላል። ግሩፕ አንድ በማሟሚያ የጸዳው ነው። ግሩፕ ሁለትና ሦስት በሃይድሮጅን የጸዱ ናቸው፤ ድኛቸው ከ0.03 በመቶ አይበልጥም። ሦስተኛው ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት ውፍረቱ ብዙ አይናወጥም። ባለቤቱን «ይሄኛው ግሩፕ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ልፈትነው ነው። ሌላ ሱቅ ቢሆን «ኦሪጅናል ነው» ይሉኛል። እሱ ወደ ጓዳ ገባና የአምራቹን የመረጃ ወረቀት ይዞ ወጣ። እሳት የሚይዝበት ዲግሪ፣ ውፍረቱ በ40 እና በ100 ዲግሪ፣ ሁሉም ተጽፏል። መነጽሬን አውጥቼ አነበብኩት። ከላቦራቶሪ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት ሱቅ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ሌላው ደግሞ የማይሆን ነገር አይሸጥም። አንድ ቪትዝ የሚነዳ ልጅ መጥቶ «ወፍራሙን አድርግልኝ፣ ሞተር ይጠብቃል» አለው። «ያንተ የሚፈልገው 5ደብሊው-30 ነው» አለና ሃምሳውን አልሰጠውም። ትክክል ነው። 30 የሚለው ዘይት በ100 ዲግሪ ውፍረቱ ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) ነው፣ 50 የሚለው ከ16.3 እስከ 21.9። የአዲሶቹ ሞተሮች የዘይት መንገድ ጠባብ ነው፤ በብርድ ጠዋት ወፍራሙ ዘይት ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪደርስ ብረት ብረትን ይፍቃል። ለኔ ቮልስ ግን 20ደብሊው-50 ነው የሚያወጣው፣ ሳልነግረው። ልጁ ወፍራሙን የሚሸጥለት ፍለጋ ተበሳጭቶ ሄደ። አግኝቶም ይሆናል።

የማልወድላቸውም አለ። በሩ ጥግ አንድ ትልቅ በርሜል አለ፤ ከሱ በሊትር እየቀዱ ለባጃጅና ለአሮጌ አይሱዙ ይሸጣሉ። በርሜሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቋል። ወረቀቱን አምጣ ስለው ባለቤቱ ሻይ ያዝዝልኛል። በጣሳ ላይ እንዲህ ጥንቁቅ የሆነ ሰው በርሜል ላይ ለምን ዓይኑን ይጨፍናል? ዋጋው ስለሚረክስ፣ ገዢውም ስለማይጠይቅ ነው። እኔ ከዚያ በርሜል ለሳር ማጨጃ እንኳ አልገዛም።

ሁለተኛ፣ ሂሳብ ስትከፍሉ ትንሽ ጠርሙስ ብቅ ይላል። «ጭስ ያጠፋል፣ ጉልበት ይጨምራል» ይሏችኋል። አትግዙ። ጥሩ ዘይት የሚያስፈልገውን ኬሚካል በልኩ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ላዩ ላይ መጨመር ልኩን ማበላሸት ነው። የሚያጨስ ሞተር ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ይሆናል፣ ጠርሙስ አይመልሰውም።

ሦስተኛው ወለሉ ነው። ጉድጓዱ ዳር ዘይት ፈሶ ሰጋቱራ ይበተንበታል፣ ሰጋቱራውም ይረጥባል፤ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። ያገለገለውን ዘይት ግን ቦይ ውስጥ አይደፉትም፣ ይህን ቆሜ አይቻለሁ። በርሜል ይሞላሉ፣ ሰብሳቢ ይወስደዋል። አናጢዎች ለምስጥ፣ ግንበኞች ለካሳፎርማ ጣውላ ይፈልጉታል። በባዶ እጁ ግን ማንም እንዲነካው አልመክርም፤ በተቃጠለ ዘይት ውስጥ ያለው ነገር ለቆዳ አይሆንም። ቀያሪው ልጅ ጓንት የለውም። ባለቤቱን ነግሬዋለሁ፣ «እሺ እትዬ» ብሏል፣ እስካሁን ጓንት አላየሁም።

ዋጋው ከጎረቤቶቹ ትንሽ ከፍ ይላል። ለመቀየሪያው ለብቻ አያስከፍሉም፣ ዘይቱን ከእነሱ ከገዛችሁ። በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ደረሰኝም ሳትጠይቁ ይሰጣሉ። ቅዳሜ ከሰዓት አትሂዱ፤ የሚኒባሶቹ ሰልፍ እስከ አደባባዩ ይደርሳል። በሥራ ቀን ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከደረሳችሁ ቶሎ ትወጣላችሁ። ቮልስ ያላችሁ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ጓርኒሲዮን መኖሩን ደውላችሁ ጠይቁ፤ እኔ ለሚቀጥለው አንድ አስቀምጥልኝ ብዬዋለሁ፣ እሱን እንዳይሰጣችሁ።